ከአክሲዮኑ በፊት ሠራተኛውን፦ ሁለት ኩባንያ አማርጦ ለመግዛት የንጽጽር መመሪያ

ባለፈው ዓመት አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ የአክስቴ ልጅ አጠገቤ መጣች። ንፍሮ እየዞረ ነው። ጎንበስ አለችና «መታወቂያህን ይዘሃል እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ። የባንክ ሠራተኛ ናት። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል፤ ታርጌቷ ደግሞ ገና አሥራ አንድ ሒሳብ ይጎድለዋል። እኔ እዚያ ባንክ ሁለት ሒሳብ አለኝ። ሁለቱንም የከፈተችልኝ እሷው ናት። አንዱ ውስጥ 50 ብር አለ። የሌላውን ቁጥሩን እንኳ አላውቀውም።

ሦስተኛውን ከፈትኩ። ምን ላድርግ፣ ዘመድ ናት።

ማታ ቤት ገብቼ የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት ገለጥኩ። አክሲዮኑን ልገዛ እያሰብኩ ነበር። መግቢያው ላይ የደንበኞች ቁጥር እንዴት እንዳደገ በደማቅ ቀለም ተጽፏል። ሳቄ መጣ። ከእነዚያ «ደንበኞች» ሁለቱ እኔ ነኝ፤ ሦስተኛው ለሚቀጥለው ሪፖርት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ኩባንያ ሳወዳድር ትርፉን ብቻ አላይም። ትርፉን ያመጣው ሰው እንዴት ውሎ እንደሚያድርም አያለሁ። አሁን ደግሞ ማማረጥ የሚቻልበት ጊዜ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ፤ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሲከፈት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ፤ ገዳ ባንክ ተከተለው። አሜሪካ ያለው ወገናችን ደግሞ ከእረፍት ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ሰርቆ በስልኩ የፈለገውን ኩባንያ አክሲዮን ይገዛል።

እኔ ያማረጥኳቸው ሁለት ባንኮች ናቸው። ስማቸው አያስፈልግም፤ ባንክ ሀ እና ባንክ ለ እንበላቸው። ባንክ ሀ የአክስቴ ልጅ የምትሠራበት ነው። የትርፍ ድርሻ ክፍያው ከባንክ ለ ትንሽ ይበልጣል። ዕድገቱም ፈጣን ነው። በወረቀት ላይ ምርጫው ያለቀለት ይመስላል።

ምኑን ነው የምናወዳድረው?

የሥራ ቦታ ባህል ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ኬክ፣ ባለ አርማ ቲሸርትና ወደ ሐዋሳ የሚደረግ ሽርሽር ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ለአክሲዮን ገዢ ምንም አይነግረውም። እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። እዚያ ቤት ሰው በምን ያድጋል? በምን ይባረራል? ክፉ ወሬ ከታች ተነስቶ አለቃው ጆሮ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል?

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባለ ያደገ ሰው አለቃው ፊት ቆሞ «ይሄ ነገር አያዋጣም» ለማለት ብዙ ድፍረት ይጠይቀዋል። አለቃው ራሱ እንዲያ ተብሎ ያደገ ነው። ስለዚህ ክፉ ወሬ ወደ ላይ የሚወጣበት መሥሪያ ቤት ካገኛችሁ፣ አንድ ሰው ሆን ብሎ ደክሞበታል ማለት ነው።

ዌልስ ፋርጎ፦ የለቅሶ ቤቱ ነገር በትልቁ

የአክስቴ ልጅ ታርጌት አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዌልስ ፋርጎ የሚባለው ግዙፍ ባንክ ለዓመታት ሲመሰገን የኖረው በአንድ ነገር ነበር፤ ለአንድ ደንበኛ ብዙ አገልግሎት በመሸጥ። ግቡ ለአንድ ቤተሰብ ስምንት ነበር። ሒሳብ፣ የቁጠባ ደብተር፣ ክሬዲት ካርድ፣ ብድር፤ ስምንት እስኪሞላ። የቅርንጫፍ ሠራተኛው በየቀኑ ይቆጠርበታል። ያልሞላለት ይወቀሳል፣ ይባረራልም።

ሠራተኛው ምን አደረገ? ደንበኛው ሳያውቅ ሒሳብ ከፈተ። ለዘመድና ለወዳጅ፣ ለማያውቀውም ሰው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 5,300 ሠራተኛ ማባረሩም ያኔ ታወቀ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ጆን ስተምፕፍ በቀጣዩ ወር ለቀቀ። በዓመቱ የተጠረጠሩት ሒሳቦች ቁጥር ወደ 3.5 ሚሊዮን ከፍ አለ። በ2020 ሌላ 3 ቢሊዮን ዶላር ተከፈለ።

ለባለአክሲዮኑ ከቅጣቱ ሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነው። በየካቲት 2018 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የዌልስ ፋርጎ ጠቅላላ ሀብት በ2017 መጨረሻ ከነበረው እንዳያልፍ ከለከለ። ክልከላው የተነሳው በሰኔ 2025 ነው። ሌሎቹ ባንኮች ሲያድጉ እሱ ሰባት ዓመት ባለበት ረገጠ።

5,300 ሰው ሲባረር ችግሩ የሠራተኛው ጠባይ ነው ማለት ያስቸግራል። ታርጌቱ ራሱ ነው እዚያ ያደረሳቸው። ሌላው ደግሞ፣ ነገሩ ተደብቆ አልነበረም። ሎስ አንጀለስ ታይምስ በታኅሣሥ 2013 ሠራተኞቹን አነጋግሮ ጽፎታል። ባለአክሲዮኑ ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ነበረው። ትርፉ ጥሩ ስለነበር ማን ያነባል?

የእኛዎቹ ባንኮች ዌልስ ፋርጎ ናቸው እያልኩ አይደለም። የአክስቴ ልጅ መታወቂያዬን ጠይቃ፣ አስፈርማ ነው የከፈተችው። ግን ታርጌቱ ከደንበኛው ፍላጎት ከበለጠ መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል።

የትኛውን ምንጭ እንመን?

ዓመታዊ ሪፖርቱን አስቀድሙ፤ ግን ሥዕሉን ዝለሉት። የሠራተኛ ወጪውን በሠራተኛው ቁጥር አካፍሉና ሁለቱን ኩባንያ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከዚያ ያለፉትን ሦስት ዓመታት እዩ። ትርፉ እየዘለለ ለአንድ ሠራተኛ የሚወጣው ገንዘብ ከኑሮ ውድነቱ ኋላ ከቀረ፣ ያ ትርፍ ከማን ኪስ እንደመጣ መጠርጠር ይቻላል።

የአሜሪካ አክሲዮን ለምትገዙ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ከኅዳር 2020 ጀምሮ እዚያ ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ በዓመታዊ ሪፖርቱ ስለ ሠራተኞቹ እንዲጽፍ ደንብ ወጥቷል። ምን ቁጥር እንደሚያወጣ ግን አልተገደደም። ለማወዳደር የሚመቸውም ለዚሁ ነው። አንዱ ኩባንያ ስንት ሰው እንደለቀቀ በመቶኛ ያስቀምጣል። ሌላው «ሠራተኞቻችን ትልቁ ሀብታችን ናቸው» ብሎ ሁለት ገጽ ይሞላል። ቁጥር የሰጠውን እመርጣለሁ፤ ቁጥሩ የማያስደስት ቢሆንም።

ስንት ሰው ለቀቀ የሚለው ጥያቄ እኛ አገር ባንኮች ላይ ሲደርስ ግን ወጥመድ አለው። የባንክ ሠራተኛ በአነስተኛ ወለድ የቤት ብድር ያገኛል። ሥራውን ከለቀቀ ወለዱ ወደ ገበያው ይወጣበታል፣ አለዚያም ብድሩን ክፈል ይባላል። ስለዚህ አለቃውን የሚጠላ፣ ጠዋት ጠዋት ሆዱ እየታወከ የሚገባ ሠራተኛም ዓመታት ይቆያል። ሪፖርቱ ላይ «የሠራተኛ ፍልሰት ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ይጻፍለታል። እኔ የማየው ገና ብድር ያልደረሳቸውን፣ ከሁለት ዓመት በታች የሠሩትን ነው። የሚያስራቸው ነገር ስለሌለ እግራቸው እውነቱን ይናገራል።

እነሱን እንዴት ታውቃላችሁ? ቴሌግራም ላይ ያሉት የሥራ ማስታወቂያ ቻናሎች ያግዛሉ። አንድ መሥሪያ ቤት ያንኑ መደብ በዚያው ከተማ በየሦስት ወሩ ደጋግሞ ካወጣ ልብ በሉ። አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፍት ማውጣቱ የወግ ነው። የቅርንጫፉ ቁጥር ሳይጨምር ከሆነ ግን ሰው እየሸሸ ነው። አሜሪካ ላሉት ግላስዶር የመሰሉ ሠራተኛ አሠሪውን የሚገመግምባቸው ገጾች አሉ። ኮከቡን ተዉትና ጽሑፉን አንብቡ። አሥር ሰው በተለያየ ዓመት ስለ አንድ ነገር ካማረረ ነገሩ አለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሃያ ምስጋና ከዘነበ ደግሞ የሰው ኃይል ክፍሉ ተግቶ ሰንብቷል።

የሠራተኛ ማኅበርና የኅብረት ስምምነት መኖሩን ጠይቁ። መኖሩ ብቻ ብዙ አይነግርም፤ ሊቀመንበሩ የዋና ሥራ አስኪያጁ ቀኝ እጅ የሆነበትም አለ።

ከሁሉ የምወደው ግን በእግር ሄዶ ማየት ነው። ወጪው የታክሲ ብቻ ነው።

ባንክ ሀ ቅርንጫፍ የገባሁት በወሩ የመጨረሻ ዓርብ ነው። ከመስኮቱ ጀርባ ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የሠራተኞቹ ስም በአንድ ወገን፣ በሌላው ቁጥር። ሁለት ስም በቀይ ተከቧል። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን በትከሻው ይዞ «ዛሬ ማታ ድረስ፣ ዛሬ ማታ!» ይላል። ገንዘብ ልታስገባ የመጣች አንዲት እናት መስኮቱ ጋ ቆማ አፕ ጫኚ ተብላ ትለመናለች። ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው።

ባንክ ለ በሳምንቱ ሄድኩ። ሰልፍ ነበረ፤ አገልግሎቱም ቀርፋፋ ነው፣ አልዋሽም። አንዲት ልጅ እግር ገንዘብ ከፋይ ቆጥራ ስትጨርስ ፊቷ ተለዋወጠ። እጇን አነሳችና ጮክ ብላ፣ እኛ ሁላችን እየሰማን፣ «ጋሽዬ፣ 4,000 ጎደለኝ» አለች። ተቆጣጣሪው መጣ። ወንበር ሳበና አጠገቧ ተቀምጦ አብሯት ቆጠረ። ገንዘቡ ከሌላ እሽግ ጋር ተጣብቆ ተገኘ። «እንኳን ቶሎ ተናገርሽ» ብሏት ሄደ።

ባንክ የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጉድለት ከኪስ የሚከፈል ነገር ነው። ብዙ ቦታ ልጅቷ ዝም ትልና እስከ ማታ ላብ ሲያጠምቃት ትውላለች። እዚህ ግን ክፉ ወሬው አለቃው ጋ ለመድረስ አሥር ሰከንድ አልፈጀበትም።

በእርግጥ አንድ ቅርንጫፍ ባንክ አይሆንም። ሦስት አራት ቦታ ዙሩ፤ አንዱ ከመሀል ከተማ ራቅ ያለ ይሁን።

ዝምታው ሲገድል

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው ኢቲ 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተመሳሳዩ ቦይንግ 737 ማክስ ወድቆ 189 ሰው አልቆ ነበር።

ይህን ስለ አክሲዮን በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ ማንሳት ይከብዳል። ግን ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለንም። የቦይንግ አክሲዮን እስከዚያ ድረስ ከነበረው ሁሉ ከፍ ያለ ዋጋ፣ 440 ዶላር ገደማ የደረሰው የካቲት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። አደጋው ከመድረሱ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ። ሒሳቡን ብቻ ያየ ሰው የሚያስፈራ ነገር አልታየውም።

ውስጡ ግን የሚናገሩ ነበሩ። ማክስ በሚገጣጠምበት በሬንተን ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ኤድ ፒርሰን ከሁለቱም አደጋ በፊት፣ በሰኔ 2018፣ ሠራተኛው ተዳክሟል፣ ጥራቱ እየወረደ ነው፣ ምርቱ ለጊዜው ይቁም ብሎ ለአለቃው ጽፏል። አልቆመም። በታኅሣሥ 2019 ይህንኑ ለአሜሪካ ምክር ቤት መሰከረ። በጥር 2020 ኩባንያው ይፋ ባደረጋቸው የውስጥ መልእክቶች ደግሞ አንድ ሠራተኛ አውሮፕላኑን የቀረጹት ቀልደኞች፣ የሚቆጣጠሯቸውም ዝንጀሮዎች ናቸው ብሎ ለባልደረባው ሲጽፍ ይታያል። ሰዎቹ ያውቁ ነበር። እርስ በርስ ያወሩ ነበር። ወሬው ግን ወደ ላይ አልወጣም፤ ቢወጣም ሰሚ አላገኘም።

ከውጭ ሆኖ ምን ይታይ ነበር? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት በ2001 አውሮፕላኑ ከሚሠራበት ከሲያትል ተነስቶ ቺካጎ ገባ። አለቃውና መሐንዲሱ ተራራቁ። ሁለተኛ፣ ከ2013 ጀምሮ እስከ አደጋው በነበሩት ዓመታት ኩባንያው የራሱን አክሲዮን መልሶ ለመግዛት ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ገንዘቡ ወደ ፋብሪካው ሳይሆን ወደ ባለአክሲዮኑ ሲፈስ ማየት ክብሩ የማን እንደሆነ ይናገራል።

ግን ሁልጊዜ ይሠራል ወይ?

አይሠራም። አማዞን መጋዘን ሌሊት የሠራ ሐበሻ ቤት ሂዱና ስለ ሥራው ጠይቁት። እግሩን እያሻሸ ነው የሚመልስላችሁ። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2021 እንደዘገበው በሰዓት የሚከፈላቸው ሠራተኞች የሚለቁበት ፍጥነት በዓመት ወደ 150 በመቶ ነበር፤ በዓመት የሚለቀው ሰው ከሠራተኛው ጠቅላላ ቁጥር ይበልጥ ነበር ማለት ነው። አክሲዮኑ ግን ባለቤቱን አበልጽጎታል። የሠራተኛው ሥቃይ ሁሉ በአክሲዮኑ ዋጋ ላይ አይታይም።

በሌላ ወገን ኮስትኮ የሚባለው ግዙፍ የአሜሪካ መደብር አለ። ከመሥራቾቹ አንዱ ጂም ሲኔጋል ለሠራተኛ ከተፎካካሪዎቹ የተሻለ ሲከፍል የዎል ስትሪት (የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ) ተንታኞች ባለአክሲዮኑን ጎዳህ ብለው ሲነጫነጩበት ኖረዋል። አንድ ዓመት ከሞላቸው የአሜሪካ ሠራተኞቹ በዓመት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይቆያሉ። በ2005 50 ዶላር ገደማ የነበረው አክሲዮን በ2025 ከ900 ዶላር አልፏል። የተነጫነጩት ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ከሁለት ታሪክ ሰፋ ያለ ማስረጃ ለሚፈልግ፣ አሌክስ ኤድማንስ የሚባል የፋይናንስ ምሁር አሜሪካ ውስጥ ለሥራ ምርጥ የተባሉ 100 ኩባንያዎችን ከ1984 እስከ 2011 ተከታትሏል። አክሲዮናቸው ከአቻዎቻቸው በዓመት ከ2.3 እስከ 3.8 በመቶ ብልጫ ነበረው። ትንሽ ይመስላል፤ በ28 ዓመት ሲባዛ ግን ቤት ይሠራል። እሱና ባልደረቦቹ ወደ ሌሎች አገሮች ሲሄዱ ውጤቱ እንደ አሜሪካና እንግሊዝ መቅጠርና ማሰናበት ቀላል በሆነባቸው እንጂ በሁሉም አገር እኩል አልሆነም። ስለዚህ ይህን ቁጥር ይዞ አዲስ አበባ ላይ ሒሳብ መሥራት አያስኬድም።

ሚዛኑ የት ያዘነብላል?

እንደ ሥራው ዓይነት ነው። አውሮፕላን፣ ሆስፒታል፣ መድኃኒት፣ ግንባታ ላይ ከሆነ ባህሉን ከትርፉ በፊት አያለሁ። እዚያ አንድ ያልተነገረ ስሕተት ኩባንያውን ይዞት ይሄዳል። ባንክና ኢንሹራንስም ከዚያው ናቸው። ዛሬ በግፊት የተሰጠ ብድር የሚታመመው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሪፖርቱ ያማረ ነው። ሱፐርማርኬትና ሆቴል ላይ የሚበልጠው ሰው መቆየቱ ነው፤ አዲስ ሰው ማሠልጠን ዘወትር ገንዘብ ይበላል። የሲሚንቶ ፋብሪካ ወይም ተፎካካሪ የሌለው ድርጅት ላይ ግን ባህሉን ሁለተኛ አደርገዋለሁ። የኤሌክትሪክ መቆራረጥና የውጭ ምንዛሪ ከአለቃው ጠባይ ይበልጥ ይወስኑታል።

ባህሉ ያማረ ኩባንያም ዋጋው ከተሰቀለ አይገዛም። ደግ ሰው የሚሸጠው ውድ ቤት ያው ውድ ቤት ነው።

የሁለቱ ባንኮች ልዩነት ትንሽ የትርፍ ድርሻ ብቻ ስለነበር እኔ ባንክ ለን ገዛሁ። ልዩነቱ እጥፍ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ግማሽ ግማሽ አደርግ ነበር። ከገዛሁ በኋላ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ እጄን አውጥቼ «ባለፈው ዓመት ከሁለት ዓመት በታች ከሠሩት ስንቱ በፈቃዱ ለቀቀ?» ብዬ ጠየቅኩ። አዳራሹ ዞሮ አየኝ፤ ሰው የሚጠብቀው ስለ ትርፍ ክፍፍሉ ነበር። ሰብሳቢው ቁጥሩ እጁ ላይ እንደሌለ ተናግሮ፣ ጸሐፊውን አስመዝግቦ፣ በደብዳቤ እንደሚልክልኝ ነገረኝ። በሦስተኛው ሳምንት መጣልኝ። ቁጥሩ ከጠበቅኩት ከፍ ያለ ነው። ምክንያቱንም ጽፈውታል፤ ክፍለ ሀገር የተመደቡት የቤት ኪራይ አልበቃቸው ብሎ ነው። አክሲዮኑን አልሸጥኩም።

ባለፈው እሑድ የአክስቴ ልጅ ቤት ቡና ጠጣን። ባንክ ለን እንደገዛሁ ስነግራት ሲኒዋን አስቀመጠች። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

«እዚያ ማስታወቂያ ካወጡ ንገረኝ» አለች። «የብድሩ ወለድስ?» አልኳት።

«እሱን አስልቼዋለሁ» አለችኝ። ቦርሳዋን ከፈተችና በእስክሪብቶ የተጻፈበት የታጠፈ ወረቀት አወጣች።